ሁለተኛ ቁጥር

ኢምራን ከሳቢያን መጣ፣ በባጃጅ መሰላል ጭኖ፣
ሁለት ብሎን በጥርሱ ይዞ፣ ንግግሩ ብሎን ብሎን ሆኖ።
ማግኔት በበሩ ጉበን፣ ዓይን በኮርኒሱ ጥግ ሰቀለ፤
ነጯን ሣጥን፣ የሠርጉ ፎቶ በለቀቀው ምስማር ላይ ተከለ።
ሲም አጎረሳት። «እህሏ ካርድ ነው፣ አቦ፣ እንዳታሳድራት ተርባ፤
ወዲያው ትደውልልሃለች፣ ሳትጋብዘው ሰው ሲገባ።»

ከዚያ ቁጥር ሊመዘግብ፣ ጎንበስ ብሎ ጠየቀ፦
«ባለቤት?» አለኝ። መልሴ ጉሮሮዬ ውስጥ ደረቀ።
«ባለቤቴማ ሄደች» አልኩት፣ «ሁለት ዓመት ሆነ ከቤቴ።»
«የቤቱን ነው ያልኩት፣ ጋሼ» ብሎ ሳቀብኝ፣ «በሞቴ!»
የኔን ሰጠሁት። «አንተ ባታነሣስ?» አለኝ፤
«ሁለተኛ ቁጥር አምጣ።» ምላሴ ሳያማክረኝ
በቃሌ የቀረውን፣ ያንን አንዱን ቁጥር ጠራ፤
የዘቢደርን። መዘገበ። አረንጓዴ መብራት በራ።

መጀመሪያ ሰሞን ዕረፍት የለም።
አዲጋላ ጎማ ስቀይር፣ አይሻ ሩዝ ስበላ በእጄ፣
ስልኬ ላይ «ቤቴ» ይላል፤ በቅባት ጣቴ አነሣለሁ፣ ደንግጄ።
ኢምራን በራሱ አንደበት የቀዳው፦ «ሰው ገብቷል፣ አቦ፣ ሰው ገብቷል»፤
ድምፁ ቆርቆሮ ውስጥ እንዳደረ፣ ዝጎ፣ ቀጥኖ፣ ጠብቧል።
ወይዘሮ ሰዓዳ ጋ እደውላለሁ፤ በአጥር ላይ አንገቷን ትሰግጋለች፤
«ድመቷ ናት።» ሌላ ቀን «መጋረጃው ነው።» ሌላ ቀን ትቆጣለች፦
«ያንተ ቤት ነፋስ በነካው ቁጥር ጅቡቲ ድረስ ይከስሳል?
በግንቦት ሙቀት በሩን የሚዘጋ፣ እሱ ራሱ ሌባ ይመስላል!»

እኔ ግን፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ለመድኳት። ከደላላ ሌላ ማን ይደውልልኛል?
«ቤቴ» ብሎ ስልኬ ሲበራ፣ ሌባ ቢሆን እንኳ ደስ ይለኛል።
ካርድ ከራሴ ቀድሜ ሞላሁላት፤
አንዳንዴም አነሣና፣ ሳልዘጋ፣ እስክትጨርስ ሰማኋት።

ደወሌ ኬላው ላይ ኔትወርክ የለም። ሦስት ሌሊት ተሰልፈን
ከመኪናው ሥር አደርን፣ የጭነቱን ሸራ አንጥፈን።
በዚያ ሰሞን፣ ከደንገጎ የወረደ ውሃ ደቻቱን ሞልቶ ሲያጓራ፣
ከጎርፉ ቀድሞ ነፋስ መጣ፤ የጓዳዬን በር በርግዶ ተጣራ።
ሣጥኗ ጮኸች። እኔን ጠራች፤ የቴሌዋ ሴትዮ፦ «አይገኙም።»
ደግማ ጠራች። «አይገኙም።» ሣጥንና ሴትዮ፣ ሁለቱም አይሰለቹም።
ከዚያ፣ ኢምራን እንዳስተማራት፣ ሁለተኛውን ቁጥር መታች፤
ሐረር፣ ሸዋ በር አጠገብ፣ ዘቢደር ከእንቅልፏ ነቃች።
«ሰው ገብቷል፣ አቦ።» ማን ሰው? የት? ድምፁ የማታውቀው ወጣት ነው፤
ከጀርባው የሚያቃስተው የበር ማጠፊያ ግን፣
ዘይት ቀባው ብላ ዘጠኝ ዓመት የለመነችኝ ነው።

በአራተኛው ቀን ገባሁ።
ምንጣፉ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፤ ጭቃው ተጠርጎ ወጥቷል፤
የጓዳው በር ሲከፈት ዝም አለ። ማጠፊያው ዘይት ጠጥቷል።
«መጥታ ነበር» አለች ሰዓዳ፤ «ቁልፉን ተቀበለችኝ፣ ቀኑን ሙሉ ለፋች፣
ውሃ እንኳ ሳትጠጣ፣ በመጨረሻው ሚኒባስ ሄደች።»
ሣጥኗ ዝም እንድትል አራት አኃዝ ትሻለች፤ ለኢምራን እንኳ ያልነገርኩትን።
ዘቢደር መታችው፦ ከፎቶው ጀርባ፣ በእስክርቢቶ የተጻፈውን።
ስትወጣም መልሳ ቆልፋታል።

ዛሬ ማታ፣ ጫት ተራው ሲበተን፣ ከጭነት ተመለስኩ፤
በሩን ከፈትኩ። መብራት አላበራሁም። ቆምኩ።
ሣጥኗ መቁጠር ጀመረች፤ ሠላሳ ሰከንድ ትታገሣለች።
ኮዱን አልመታሁም። ስልኬን አጠፋሁ። አንደኛውን ቁጥር ታጣለች፤
ሁለተኛው ይቀራል።
ከዓይኗ ትይዩ ወንበር ስቤ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣
ሳይረኑ ሰፈሩን ሲቀሰቅስ፣ ሰዓዳ ስትራገም፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ስጠብቅ፣
ሐረር ላይ አንድ ስልክ ይበራል፤
«ሰው ገብቷል» ይላታል የኢምራን ድምፅ፣ «አቦ፣ ሰው ገብቷል።»